ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው

ቁልፉን አዞርኩት። ምንም።

ቢያቃስት፣ ቢያስነጥስ፣ ቢንቋቋ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ የት እንዳመመው ይታወቃል። ይኼ ግን ዝም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብቻ እንደማፈር ብላ ትንሽ በራች፤ ቁልፉን ወደ ማስነሻው ስገፋው እሷም ጥፍት አለች።

«በቃ፣ ባትሪው ሞቷል» አለ አባዬ ከውጭ ሆኖ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ።

«ባትሪው እኮ ከእኔ የተሻለ ቦታ ነው ያደረው!»

እውነቴን ነው። ውርጩ ባትሪ ይገድላል ስለሚባል አባዬ ማታ ማታ ከመኪናው ይፈታውና ቤት ያስገባዋል። እማዬ ባና ታለብሰዋለች። እኔን «በረደሽ ወይ?» ያለኝ ሰው የለም። ጠዋት ደግሞ አባዬ ራሱ መልሶ ያስረዋል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈልግም።

ከቀን ሁሉ ዛሬ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ጋሽ ዳኜ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ከመሐል ሜዳ ይነሳሉ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ዓለም ከተማ አዲስ ጋራዥ ሊከፍቱ ዕቃቸውን ሁሉ ጭነው ሲሄዱ፣ እኔንም ሥራ ሊያስተምሩኝ ሊወስዱኝ ነው። የማድረው አክስቴ አመተሥላሴ ቤት ነው። ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል ካቆምኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አባዬ በዚህች አሮጌ ፒክአፕ ከመንደራችን ከቀየት ሰውና እህል ወደ መሐል ሜዳ ሲያመላልስ፣ ገበያው እስኪበተን እሳቸው ጋራዥ ደጃፍ ተጎልቼ፣ ፒንሳ ሳቀብል፣ ሽቦ ስልጥ ከርሜ ነው «እሺ» ያሰኘኋቸው። እሺታቸውም ቢሆን ማስፈራሪያ አላጣውም፦

«አምስት ሰዓት ካለፈ አልጠብቅሽም። ስልክም እንዳትደውይ፤ ከደወልሽ ቀርተሻል ማለት ነው።»

ሙሽራይቱ ዘገየች ብለው የራሳቸውን ሠርግ ጥለው ሄዱ ይባላል። ውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ያስፈራል።

አንድ ሰዓት ሆኗል። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮፈኑን ከፍቼ እሳቸው የሰጡኝን አምፖል አወጣሁ። ሁለት ሽቦ የተበየደላት ትንሽ የመኪና አምፖል ናት። ሽቦዎቹን ወዲህና ወዲያ ስታስነካቸው ኤሌክትሪክ ካለ ትበራለች፤ ከሌለ አትበራም። እኛ ቤት እንደሷ የማይዋሽ የለም። በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አሳረፍኳት። ቦግ! ዓይን ታጠፋለች።

«አየህ? ባትሪው ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያ ምን ሆነ?»

«ማሰሪያው ይሆናላ!» ባትሪው ራስ ላይ የሚጠልቀውን፣ ወፍራሙ ገመድ የሚነሳበትን ብረት ማለቴ ነው። በየቀኑ ሲፈታና ሲታሰር ሰፍቶ ሲወዛወዝ ነበር የከረመ።

«እሱን ተይው። ትናንት አበጅቼ፣ ዛሬ ጠዋት ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።»

ይዤ ነቀነቅሁት። ግራሶ ተለቅልቋል፤ ግን ቋጥኝ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እሺ፣ እሱ አይደለም።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሳይ ጎረቤታችን አባባ ሸዋንዳኝ በድንጋይ ካቡ በኩል ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው አንድ ክረምት የአውቶቡስ ረዳት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና የማያውቁት የለም።

«ይገፋ!» አሉ፣ እንደምን አደራችሁ እንኳ ሳይሉ።

«አባባ፣ ቢገፋም አይነሳም።»

«ስንቱን አውቶቡስ በትከሻችን አስነስተናል!»

«የእርስዎ አውቶቡስ ጨዋ ነበር። ይኼኛው ኤሌክትሪክ ካላገኘ ናፍጣውን አይከፍትም።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አሉ ወደ አባዬ ዞረው።

«እንግፋው ነው የምትል» አለ አባዬ።

ገፉት። ከገብሱ ማሳ ሁለት ሰው ተጠርቶ ተጨመረ፤ አባባ ሸዋንዳኝ ከኋላ «በለው!» እያሉ አዘዙ፤ አባዬ መሪ ያዘ። ፒክአፗ ቁልቁለቱን ድምፅ ሳታሰማ እንደ ትልቅ ሰው ወረደችና ምንጩ አጠገብ ረግረጉ ውስጥ ገብታ ቆመች። አልተነሳችም። ቅድም ደረቅ መሬት ላይ የማትነሳ መኪና ነበረን፤ አሁን ጭቃ ውስጥ የማትነሳ መኪና አለን።

«ባትሪው ነው» አሉ አባባ ሸዋንዳኝ፣ እጃቸውን እያራገፉ።

ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሥሯ ገባሁ። ለመንገድ ብዬ የለበስኩት ሹራብ ጭቃ ጠጣ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከሥር ነው ያለው፤ ከባትሪው የሚመጣው ወፍራም ገመድ እሱ ላይ ያልቃል። አምፖሏን እዚያ አስነካኋት። ጨለማ። ብረቱን ፈግፍጌ ደገምኩ። ጨለማ። ላይ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ታች የደረሰ ነገር የለም። መሐል ላይ የበላው ምንድን ነው?

ያኔ ነው አንድ ነገር የመጣልኝ። ሳምንቱን ሙሉ አባዬ ሲያጉረመርም ከርሟል። ዓለም ከተማ ሙቀት ነው፤ ወባ ነው፤ ሴት ልጅ መኪና ሥር ተጋድማ ምን ልትሆን ነው። ትናንት ደግሞ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ነው የዋለ። ምን ሲሠራ?

ተስቤ ወጣሁ። ጭቃው ካገጬ ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ምን አድርገኸው ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«እንዳልሄድ ነው አይደል? ንገረኛ! አትሄጂም ማለት ሲያቅትህ መኪናውን አበላሸኸው!»

ቁርስ ይዛ የወረደችው እማዬ «አንቺ የትምወርቅ! አፍሽን ያዢ!» አለች። አባዬ ግን አልተቆጣም። ጋቢውን አስተካከለና ወደ ምንጩ ዞሮ ቆመ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት አለፈ። አሁን የቀረኝ ገመዱን ከታች ወደ ላይ መከተል ብቻ ነው። የአምፖሏን አንዱን ሽቦ ይኼ ገመድ በማይነሳበት በሌላኛው የባትሪው ራስ ላይ አስሬ፣ በሌላው ሽቦ ገመዱን እየነካሁ ወጣሁ። ሞተሪኖው ጋ ጨለማ። መሐል ላይ የገመዱን የጎማ ልባስ በምላጭ ሰንጥቄ፣ ጨለማ። ባትሪው አጠገብ፣ ጨለማ። ማሰሪያው ላይ፣ ጨለማ። የግማሽ ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጌ የባትሪውን ራስ ስነካው፣ ቦግ!

መልሼ ማሰሪያው ላይ አደረግኳት። ጨለማ። ራሱ ላይ፣ ቦግ። ማሰሪያው ላይ፣ ጨለማ።

በእጄ የጠበቀ ሁሉ የተገናኘ መስሎኝ! ጠዋት የለካሁት የባትሪውን ራስ እንጂ ማሰሪያውን አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭቃ የበላሁት በግማሽ ጣት ነው። ግራሶውን በካቻቢቴ ፋቅሁት። ከማሰሪያውና ከባትሪው ራስ መሐል ቡናማ ነገር አለ።

«አባዬ… ይኼ ምንድን ነው?»

መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። «ጠፍር ነዋ።»

«ጠፍር?!»

«ሞፈርና ቀንበር የያዘ ጠፍር ይቺን ያቅተዋል? አርጥቤ፣ እንደ ሽንኩርት ልጥ አሳስቼ ራሱ ላይ ጠቀለልኩት። ሲደርቅ ጨምድዶ ያዘው፤ ዛሬ ማሰሪያውን አጠለቅሁበት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገዱ ድንጋይ ነው። ማሰሪያው ተፈናጥሮ መሐል መንገድ ላይ እንዳያስቀርሽ ብዬ ነው።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሁለቱንም ለማድረግ ጊዜ አልነበረም።

«ቆዳ እኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም» አልኩ። «ያልደረቀው እርጥበት ትንሽ አሳልፎ ነው ያቺ ቀይ መብራት የበራችው።»

«አያሳልፍም?»

«አያሳልፍም።»

«ኧረ!» አለ፣ አንድ ሰው መሞቱን እንደሰማ።

ጠፍሩን በቢላ ቀድጄ አወጣሁ። ለማውጣት ያበሳጨኝ ብዛት! እውነትም ጨምድዶት ነበር። ራሱን እስኪያበራ ፈግፍጌ፣ ማሰሪያው እንዳይወዛወዝ የመዳብ ሽቦ ጠቅልዬበት፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። አባዬ ቁልፉን ሲያዞረው በአንዴ ጓ ብላ ተነሳች። አባባ ሸዋንዳኝ «መግፋታችን ነው የጠቀማት» አሉ። መልስ አልሰጠሁም፤ ከጭቃው እስክንወጣ ለገፊነታቸው እፈልጋቸዋለሁ።

መንገድ ላይ ይቅርታ ልለው አንድ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ መኪናው ነጠረና ምላሴን ነከስኩ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ አምስት ከሩብ ነው። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነስቶ አፍንጫው ከግቢው ወጥቷል። ጋሽ ዳኜ ከኋላ የጭነቱን ገመድ ለመጨረሻ ጊዜ እየሳቡ ነበር። በሩ ላይ የመንገደኛ ተራ የሚጠብቁ አራት አምስት ሹፌሮች ሻይ ይዘው ቆመዋል።

«አምስት ሰዓት ነበር ያልኩሽ።»

«መኪናው አልነሳ ብሎ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ሆኖ?»

አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ሹፌሮቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። ጠፍር ብል እኔ ጎበዝ እባላለሁ፤ አባዬ ግን በዚህ መንገድ ላይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ «ጠፍሩ» ተብሎ ይቀራል። ጠዋት በሰው ፊት ያልኩት ይበቃዋል።

«ማሰሪያው… ላልቶ ነበር።»

«ላልቶ?» ጋሽ ዳኜ ገመዱን ለቀቁ። «ላልቶ ነው ይኼን ሰዓት ሁሉ የፈጀብሽ? በእጅሽ አልነካሽውም?»

«አልነካሁትም።»

ሹፌሮቹ ሳቁ። አንዱ «ወይ ኤሌክትሪሻን!» አለ። ፊቴ እሳት ሆነ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና «የለም፣ እሱስ እንኳ…» ሲል እግሩን ረገጥሁት።

«አባዬ፣ ሻንጣዬን አምጣልኝ።»

ጋሽ ዳኜ ከጭቃው ሹራቤ እስከ ጫማዬ ተመለከቱኝ። «ወር ሙሉ አምፖል አትነኪም። ባትሪ ታጥቢያለሽ፣ ማሰሪያ ትፈገፍጊያለሽ። ከዚያ በኋላ እናያለን። ግቢ!»

ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ወር ሙሉ! የጭነት መኪናው ሹፌር ሳቁን ሊይዝ ከንፈሩን ይነክሳል። አባዬ ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለኝና ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቀኝ።

«ማታ ስፈታው ያቺን ሽቦ እንዴት ነው የምመልሳት?»

«ሦስት ዙር፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ ብሎኑን ታጠብቃለህ።»

«ሦስት ዙር» አለ፣ እንደሚያጠና ልጅ። «ወደ ቀኝ።»

«አባዬ፣ ቅድም ያልኩህ…»

«ሂጂ፣ ሰው አታስቁሚ» አለና በሩን በጡጫው መታ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ዳኜ ከጎኔ ተደላድለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ ምንድን ነው የሚነካው?»

«ማሰሪያው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

«ጮክ በይ፣ አልሰማሁም።»