አባዬ ዝም ብሎ አይዞርም

አባዬን ልናስገባበት ያሰብነው የአረጋውያን ማእከል ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እንጀራዬ ትርጉም ስለሆነ ታላቅ ወንድሜ «በይ እንግዲህ፣ ያንቺ ነገር ነው» ብሎ ወረወረልኝ። አምስተኛው ጥያቄ አባዬ ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። ሦስት ቃላት ተደርድረዋል፦ ራምብል፣ ሮም፣ ዎንደር።

«አንዱ ላይ ምልክት አድርጊና እንገላገል። ሦስቱም መዞር አይደሉም እንዴ?»

ደሜ ፈላ። «አይደሉም! ራምብል ደስ ብሎህ በእግርህ ስትንሸራሸር ነው። ሮም ልብህ እንዳሻው አገር ምድሩን ማካለል ነው። ዎንደር ግን መድረሻ ማጣት ነው፣ መባዘን። እሱን ከመረጥን አባዬን በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ፎቅ ላይ ነው የሚያስገቡት።»

«ትናንት የሰው ግቢ ውስጥ የተገኘው ታዲያ ሊንሸራሸር ገብቶ ነው?»

ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አባዬን ሲፈልግ ጫማው አልቋል።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ ሲወጣ ቅጹን ለወንድሜ ትቼ ከኋላው ተከተልኩ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ጎንበስ አለ። የውሃ ቆጣሪውን ክዳን ከፈተ፣ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ ቁጥሩን በከንፈሩ አነበበና ክዳኑን መለሰ። ከዚያ ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ቤት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ አንድም በር አልዘለለም። ውሻ ያለበት ግቢ ጋ ሲደርስ እንኳ እንደ ድሮው በሩን ሁለቴ አንኳኳ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡ።

ለወንድሜ ደወልኩ። «ሥራ ላይ ነው! የሚሄድበትን ካንተም ከኔም በላይ ያውቃል። ሦስቱንም ቃላት ሰርዛቸው!»

ስልኩን ሳልዘጋ አባዬ ወደ ሰፈራችን ታጠፈ። ዙሩ የሚያልቀው እኛ ቤት ነበር። ልጆች ሳለን ደብተሩን አጥፎ «በቃ፣ ጨረስኩ» እያለ ይገባ ነበር። በሩን ልከፍትለት ቀድሜው ሮጥኩ።

ደረሰ። ቆጣሪያችንን አነበበና ቀና አለ።

«የኔ እህት፣» አለኝ በትህትና፣ «ቧንቧው ሳያፈስ አይቀርም። ባለቤቱ ሲመጡ ይንገሩልኝ።»

ከዚያ የከፈትኩለትን በር አልፎት ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

«ሄሎ?» ይላል ወንድሜ። «ገባ?»

«አልገባም» አልኩት። «ሦስተኛው ቃል ላይ ምልክት አድርግ።»