ያልደማ ድድ

«የእኔ ድድ እኮ አንድም ቀን ደምቶ አያውቅም!» ብሎ ጥሩምባ ነፊው ከሕክምናው ወንበር ላይ ቀና አለ። «የሚደማው የሚስቴ ነው። እሷን አታዪም?»

የጥርስ ሐኪሟ መልሳ አስተኛችው። የላይኛውን የፊት ጥርስ በመሣሪያዋ ነካ ስታደርገው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ትናንት ልምምድ ላይ፣ ከፍ ያለውን ድምፅ ሊያወጣ ሲል የከዳው ይኸው ጥርስ ነው። ጥሩምባ የሚነፋው በከንፈር ቢሆንም ከንፈርን ደግፎ የሚይዘው ጥርስ ነው፤ እሱ ከሄደ እንጀራውም ሄደ።

«ጋሼ፣ ያልደማው ጤነኛ ስለሆነ አይደለም» አለች። «ሲጋራው የድድዎን የደም ሥር አጥብቦት ነው። በሽታው ከሥር አጥንቱን ሲበላ ምልክቱን ደበቀብዎ። ባለቤትዎ ደሙን አይተው መጡ፣ ታከሙ፣ ዳኑ። ዛሬውኑ ካቆሙ ጥርሱን ለማትረፍ እንታገላለን። እያጨሱ ግን ልፋታችን ከንቱ ነው።»

በሩን በርግዶ ወጣ። በማን ነው የተናደደው? በሐኪሟ? ምን አደረገችው? ስንት ዘመን ሙሉ ሚስቱ መታጠቢያው ላይ ደም የነካው አረፋ ስትተፋ፣ ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ ቄራ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፈባት እሱ አይደለም? ያውም ያንን ቢጫ ጥርሱን ገልፍጦ! አይ ጅልነት! ያን ሳቁን መልሶ መዋጥ ቢቻል በዋጠው ነበር።

ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እጁ ሳያማክረው ኪሱ ገባ። ሲጋራውን ከንፈሩ መሃል፣ ልክ የሚነቃነቀው ጥርስ ላይ ሰካው። ክብሪት ጫረ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ቆመች። «ምን አለችህ?»

«አቁም አለችኝ። ዛሬውኑ። አለዚያ ጥርሱም፣ ጥሩምባውም...»

ትስቅብኛለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም፤ ዐይኗ በንዴት እንባ ሞልቶ ነበር። «እኔ ስናገር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበር! አሁን ባዳ ሲነግርህ ገባህ?»

እሳቱ የክብሪቷን እንጨት እየበላ ወደ ጣቱ ተጠጋ። እጁ ወደ ሲጋራውም አልሄደ፣ ወደ ታችም አልወረደ።

«እፍ በላት እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። «ነፊ አይደለህ እንዴ?»