የማይዶለዱም መቁረጫ

ቢያዝን ባሕር ዳር ውስጥ የውኃ ፓምፕ ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን፣ ቶርኖው፣ የብረት ቀለበት በቆረጠ ቁጥር ጠርዙ ላይ እንደ እሾህ የሾለ ትርፍ ብረት ይቀራል። ያንን በሞረድ የምታነሣው እትዬ ጽጌ ናት፤ ጣቶቿ ከፕላስተር ተለይተው አያውቁም።

ቢያዝን እሾሁን የሚያስቀር ዘዴ ለማግኘት አቆራረጡን በኮምፒውተር ማስመሰል ጀመረ። ስሌቱ ሲሄድ ይውልና መቁረጫው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ቅዳሜ ባልደረቦቹ ጣና ዳር ዓሣ ሊበሉ ሲሄዱ እሱ ስክሪኑ ፊት ይቀራል። በአራተኛው ሳምንት መልሱ ወጣ፦ ብረቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር መቁረጫው ከበፊቱ ባነሰ መጠን ቢገፋ እሾሁ በግማሽ ያጥራል።

የቶርኖው ባለሙያ አቶ ገድሉ፣ "እንሞክረዋ" ብለው ማሽኑን በዚያው ልክ አስተካከሉ።

በማግሥቱ ጽጌ አንድ ቀለበት ይዛ መጣች።

"ምን አድርጋችሁት ነው? የድሮው ይሻል ነበር።"

ቢያዝን ለካው። እሾሁ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በንዴት ወደ ቶርኖው ሄደ።

"አቶ ገድሉ፣ ያልሁዎትን ነው ያደረጉት?"

"ቁጥሩን እንዳለ ነው ያስገባሁት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መቁረጫ አዲስ ነው?"

ቢያዝን ፊቱ ጋለ። አዲስ ነበር፤ ስለቱ ምላጭ የመሰለ። አቶ ገድሉ የማሽኑን መቁረጫ ፈትተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ጫፉ ዶልዱሟል።

"ከፋሲካ ወዲህ አልተቀየረም። እንዲህ ያለውን በጥቂቱ ስትገፋው አይቆርጥም፤ ብረቱን ደፍጥጦ ወደ ዳር ያወጣዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

ዕቃ ግምጃ ቤት ያለችው የሺአረግ አዲስ መቁረጫ እንደሌለ ነገረችው። ቢያዝን የዶለዶመውን ጫፍ ለክቶ ስሌቱን እንደገና አስጀመረ። ስድስት ቀን ፈጀ። የተሻለው አገፋፍ አቶ ገድሉ መጀመሪያም ሲሠሩበት የነበረው ሆኖ ተገኘ።

ሄዶ ለጽጌ ነገራት።

"እሱንማ ስንሠራበት ነበር" አለች፣ ቀና ሳትል።

ሞረድ አንሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሦስተኛው ቀለበት ላይ አውራ ጣቱ ተቆረጠ። ጽጌ ፕላስተር ሰጠችው፤ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። በማግሥቱ የአዲስ መቁረጫ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለየሺአረግ ሰጠ። የዚያ ወር ሦስተኛው መጠየቂያ መሆኑን እሷ ነገረችው፤ ሁለቱን የሞሉት አቶ ገድሉ ነበሩ።