ቅጹ ላይ ያልተጻፈው ኪኒን

ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ «ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። ፊት ለፊቷ ከባሏና ከእናቷ ጋር ከተቀመጠችው ልጅ አንገት ተቆርጦ የወጣውን እጢ በአጉሊ መነጽር ያየችው እሷው ናት። «የደም ካንሰር ይመስላል። ግን ካንሰር ሳይሆን ካንሰር የሚመስልም አለ። አንዳንድ መድኃኒት እጢን እንዲህ ያሳብጠዋል። የምትወስደው ኪኒን አለ?»

«ኧረ ምንም!» አለ ባልየው፣ ማንም ሳይቀድመው። «ቅጹ ላይም የለም ብለናል። ራሷን ቢያማት እንኳ ውሃ ጠጥታ ነው የምትተኛው። እኔ አላውቃትም እንዴ?»

አያውቃትማ! ምኗን ያውቃል? ከጎኑ የተቀመጠችውን እናቷን ላብ አጠመቃት። ልጅቷ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ኪኒኑ ያለው እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ በየጠዋቱ እናቷን ልትስም ብላ ጎራ ትልና ዋጥ አድርጋ ሥራዋ ትሄዳለች። ባልየው ደግሞ «እናቷን እንዲህ የምትወድ ልጅ አይቼ አላውቅም» እያለ በደረሰበት ያወራላታል። የዋህ! ገና ሲያጫት ወገኖቹ «በዘራችሁ የሚጥለው የለም አይደል?» ብለው ጠይቀው፣ እናትየው አፏን ሞልታ «የለም» ብላለች።

«እንግዲያው ካንሰር ብዬ እፈርማለሁ። ሰኞ ኬሞ ትጀምራለች» አለች ሐኪሟ፣ እስክሪብቶዋን አንስታ።

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር የእናቷን ጭን ቆነጠጠች። ዝም በይ ማለቷ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናትየው ግን ደብቃም አግኝታለት ነበር፣ ያውም ስንት ዓመት! አሁን ያው መድኃኒት ልጇን በከንቱ ለኬሞ ሊያስረክብባት ነው። የልጇን እጅ ከጭኗ ላይ አነሳች።

«ትወስዳለች» አለች። «የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመቷ።»

የሐኪሟ ፊት በራ። «ተመስገን! ምነው እስከ ዛሬ? በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ ያዘዘላት ሐኪም በሌላ ይቀይርላት። እኔም ናሙናውን እንደገና አየዋለሁ። ትልቅ ተስፋ አለ።»

ባልየው ተነሳ። ሚስቱን ሳይሆን አማቱን ነው ያየው። «እማማ፣ ያኔ ስንጠይቅዎት እኮ…» አለ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ወጣ።

እናትየው የልጇን እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። «ሰማሽ ልጄ? ካንሰር ላይሆን ይችላል እኮ! ትድኛለሽ!»

«ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ፣ በሩን እያየች። «ካንሰር ቢሆን ኖሮ ያስታምመኝ ነበር።»