ያልገባችው ኮማ

እኔና ርዕሰ መምህሩ የተጣላነው በአንዲት ኮማ ነው። ሰው ቢያየን ይስቅብን ነበር። ሁለት ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ድንጋይ ጠራቢ ሱቅ ውስጥ፣ ነጭ አቧራ ለብሰን፣ ከምስር ፍሬ ለማትበልጥ ነገር ስንጯጯህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን በስሙ ሊሰይምለት ነው። በሩ ላይ የሚለጠፈውን እብነ በረድ የማሠራው እኔ ስለሆንኩ የመጨረሻዋን መስመር እኔው ጻፍኳት። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስተይብ ኖሬ ለአንዲት መስመር ማንንም አላማክርም። "እዚህ የተማረችው ልጁ አሠራችው" ነው የምትለው። በእንግሊዝኛው "ሂዝ ዶተር ሁ ስተዲድ ሂር"። ኮማ የላትም። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ገና ከማየቱ ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ መዘዘና "ዶተር"፣ ልጅ፣ ከሚለው ቃል ኋላ ኮማ ሰካ።

"አንቺ! የእሱ ልጅ ሆነሽ?" አለኝ። "በእሱ በር ላይ የግራመር ስህተት? እኔ በቁሜ?"

"አውጣት" አልኩት።

"ሞቼ ነው የማወጣት!"

ጠራቢው መዶሻውን አስቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። "በሉ ወስኑልኝ፣ እትዬ" አለኝ። "ከምሳ በኋላ እጀምራለሁ። እዚህ ላይ ላጲስ የለም።"

ርዕሰ መምህሩን ኮማው ነው የምለው። አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ ስሙን ያወጣለትም አባቴ ነው። አባቴ ሪሌቲቭ ክሎዝን፣ ያን በ"ሁ" ጀምሮ ስምን የሚገልጸውን ሐረግ፣ የሚያስተምረው በሰሌዳ አልነበረም፤ በእኛው ነበር። አንዱን ተማሪ ያስነሳና "አንተ ስም ነህ" ይለዋል። "አንቺ ደግሞ ሁ ነሽ። ከኋላው ሁኚና ትከሻውን ያዢ።" ከእሷ ጀርባ የቀረው ወሬ ይሰለፋል።

"አያችሁ" ይላል፣ ጠመኔ የነካውን እጁን እያራገፈ። "እኛ ወሬውን አስቀድመን ሰውየውን መጨረሻ ላይ ነው የምናመጣው። ትናንት የመጣው፣ ቀይ ኮት የለበሰው፣ ጫማውን ሳይጠርግ የገባው... እያልን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ነፍሳችን ትወጣለች። እነሱ ግን ሰውየውን መጀመሪያ ያቆሙትና ከኋላው ያሙታል!"

ቀጥሎ የኮማ ተራ ይመጣል። ከክፍሉ አጭሩ፣ ሲቆም ወደ ፊት ጎበጥ የሚለው ልጅ ሁልጊዜ ኮማ ነው። "ከተማ ያለው ወንድሜ ብትሉ በእኛ ቋንቋ ስንት ወንድም እንዳላችሁ አይታወቅም" ይላል አባቴ። "እዚህ ግን ኮማ ትናገራለች።" ልጁን በስምና በሁ መካከል ያቆመዋል። "ኮማ ካለች ያለኝ ወንድም አንድ ብቻ ነው፤ ሁ የያዘችው ወሬ ጭማሪ ነው።" ከዚያ ልጁን በቀስታ በጆሮው ይዞ ያወጣዋል። "ኮማ ከወጣች ግን ሌላም ወንድም አለ ማለት ነው። የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ለመለየት ነው ሁ የተባለችውን የጠራኋት።"

ያ ክፍል! ያ በካርቶን የተደፈነ መስኮት፣ ስንሰለፍ ሲጢጥ የሚለው የጣውላ ወለል፣ የአባቴ ኮት ጫፍ ላይ የማይጠፋው የጠመኔ ዱቄት። አንድ ቀን ብቻ እንመልስልሽ ብባል ከዕድሜዬ ሁሉ እሱን ነው የምመርጠው።

ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አባቴ ወደ ታይፕ ማሠልጠኛ የምወስደው ደብዳቤ ጻፈልኝ። "ይህን ደብዳቤ ይዛ የመጣችው ልጄ" ይላል። "ማይ ዶተር" ይልና፣ ወዲያው "ሁ"። ኮማ የለም! እኔ እኮ ለእናት ለአባቴ አንድ ነኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለአንዲት ኮማ ዜሮ የሚሰጥ ሰው በመጨረሻ እጄ ገባ። በራሱ ቀይ እስክሪብቶ ኮማዋን ሰካሁና ምሳ ላይ ፊቱ አኖርኩለት።

"ተያዝክ፣ አባባ!" አልኩት። "ነው ወይስ ሌላ ልጅ አለችህ?"

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ አዲስ ወረቀት አወጣና ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፈው። ያለ ኮማ።

"እንዲሁ ይሻላል" አለ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ስህተቱን ማመን አቃተው ብዬ በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ነዛሁት። አባቴ ገብቶ ጠመኔ ሲያነሳ ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ኮማ ረስተዋል!" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ኮማው ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ቀኑን መጻፍ ጀመረ። ከዚያን ቀን በኋላ አሰልፎን አያውቅም።

እናቴ የነገረችኝ እሱን በቀበርን ሳምንት ነው። ሸሚዞቹን እያጠፈች፣ ቀና ሳትል "ከአንቺ በፊት አንዲት ነበረች" አለችኝ። "ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። ትኩሳት ወሰዳት። እሷ በሄደች በሰባተኛው ወር አንቺ መጣሽ።"

"እና ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አባትሽ ነው። የእሷ ምትክ የሆነች እንዳይመስላት፣ ለራሷ ትደግ አለ።"

ፎቶ የላት፣ ልብስ የላት። አባቴ ስሟን በአፉ ሳይጠራ፣ ስለ እኔ በጻፈ ቁጥር ግን ቦታ ይተውላት ነበር። እኔ ነኝ በቀይ ቀለም የዘጋሁባት፤ ያውም እየሳቅኩ። ይቅርታ ሳልለው ሄደ። አሁን እናቴም የለችም። ያቺን ልጅ የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም ተናግሬ ደግሞ አላውቅም። ኮማዋ ድንጋዩ ላይ ከተቀረጸች ሁለተኛ ልዘጋባት ነው።

"ኮማው" አልኩት፣ እዚያው ጠራቢው ሱቅ ውስጥ እንደቆምን። "ና፣ እዚህ ቁም።"

"አብደሻል እንዴ?"

"በሞቴ ቁም!" ባዶውን ወንበር ጎተትኩና ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩት። ኮማው እያጉረመረመ መሃል ገባ፤ ያው እንደ ልጅነቱ ጎበጥ ብሎ። "እኔ ዶተር ነኝ። ወንበሩ ሁ ነው። አንተ ያው ነህ። አባቴ ስንት ልጅ አለው?"

"አንድ። ምን ይጠየቃል?"

ጆሮውን ይዤ አወጣሁት። ጠራቢው ሳቀ። "አሁንስ?" አልኩት።

"አሁንማ ሌላም አለች ማለት..." ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ነበረች?"

"እዚህ ያልተማረችው" አልኩት። "ትምህርት ቤት አልደረሰችም።"

ኮማው መነጽሩን አወለቀና አቧራ በሞላው እጅጌው ጠረገው፤ ይብሱኑ አቆሸሸው። "ያን ቀን ስቄአለሁ" አለ።

"ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና የሰካትን ኮማ ደጋግሞ ሰረዛት፤ ወረቀቱ እስኪበሳ። ከዚያ ለጠራቢው ሰጠው። "ልክ እሷ እንደጻፈችው" አለው።

ጠራቢው እንግሊዝኛ አያውቅም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየውና መሮውን አነሳ። "ግራ ገባኝ እኮ፣ እትዬ" አለኝ። "ታዲያ ስንት ናችሁ?"

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ "አንድ ነኝ" የሚለው መልስ አፌ ላይ ነው የሚያድረው።

"ሁለት ነን" አልኩት። "እኔ ታናሽየዋ ነኝ።"