በረድፉ መጨረሻ ያለችው መርከብ

ባሌ ሹፌር ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ «ሹፌር ነበር» ያለ ሰው ግን ከእኔ ጋር ይጣላል። ዛሬም ቢሆን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን በመስታወት የሚያይ ይመስል ገልመጥ ገልመጥ እያለ ነው። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ምላሴ ከመቀሴ እንደሚብስ ደንበኞቼ ያውቃሉ። ልጃችን ደግሞ የመርከብ ካፒቴን ናት፤ ይህን ዝቅ ባለ ድምፅ የምናገርበት ምክንያት አይታየኝም።

መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለ። ካርታ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ፣ መርከቦቹ ትንንሽ ቀስቶች። አንዱን ቀስት ሲጫኑት የመርከቧ ስም፣ ፍጥነቷና የምትሄድበት ወደብ ይወጣል። አድራሻውን የላከችልን ልጃችን ናት፣ ገና ምክትል ሳለች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ያቺን ቀስት ሳያይ ቁርስ አይቀርብም ነበር።

ችግሩ እጁ ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ለበሽታው ረጅም ስም ሰጥቶታል፣ እኛ ቤት ግን «እጁ» ይባላል፣ በቃ። ያ የድረ ገጽ አድራሻ ደግሞ ተጽፎ አያልቅም። ባሌ አንዱን ፊደል ሲነካ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተከትለው ይመጣሉ፤ እነሱን ሊያጠፋ ሲል የሚፈልገውም አብሮ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ እየተሳደበ ይደርስ ነበር።

አንድ ቀን የድሮ ባልደረቦቹ፣ መካኒኩና ቲኬት ቆራጩ፣ ሊጠይቁት መጡ። የልጁን መርከብ ሊያሳያቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲታገል፣ መካኒኩ ማውሱን ከእጁ ወሰደና «አምጣ ወንድሜ፣ እኔ ልክፈትልህ» አለው። ለክፋት አልነበረም፤ መካኒክ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። ከፈተለት። ሁሉም መርከቧን አዩ፣ ባሌ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ሰው ሲመጣም አያወጣውም። ኮምፒውተሩንም እርግፍ አድርጎ ተወው። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ የት ደረሰች?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔም አይቼ እነግረዋለሁ። ያን የሚያህል አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ሲያዞር የኖረ ሰው፣ የልጁን መንገድ ከእኔ አፍ ይስማ?

መፍትሔውን ያገኘሁት ከአንዲት ደንበኛዬ ነው። ፀጉሯን እየሠራሁላት በሆዴ ያለውን ስዘከዝክ፣ «አድራሻውን በየቀኑ ለምን ይጽፋል? አቋራጭ አድርጊለት እንጂ» አለችኝ። ብሮውዘሩ፣ የኢንተርኔት መክፈቻው፣ አዲስ ገጽ ሲከፍት መሃል ላይ ክብ ክብ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ እዚያ የተሰካ ድረ ገጽ አንዴ ሲነካ ይከፈታል፣ መጻፍ የለም። የፀጉር ማስያዣው ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ አሠራሩን አሳየችኝ።

ባሌን ግን «ላንተ ላቅልልህ» ብለው ቤቱን ጥሎ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ እንዲሰማኝ በረጅሙ ተነፈስኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ የፀጉር ቀለም የምገዛበትን ድረ ገጽ ልሰካ ብዬ ግራ ገባኝ። ና እስቲ እየው።»

«እኔ ስለ ቀለም ምን አውቃለሁ?»

«ስለ ቀለም አልጠየቅኩህም፣ ስለ መደርደር ነው።»

ሥርዓት የሚወድ ሰው ነውና መደርደር ስለው መጣ። አድራሻውን እንዴት እንደምቀዳ፣ የመደመር ምልክቷን ነክቼ እንዴት እንደምለጥፍ፣ ከላይ አጭር ስም እንደምሰጠው አየ። «ቀለም» ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ በግራ እጁ ወንበሬን ገፋ ገፋ አደረገው፤ ተነሺ ማለቱ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን እዚያው ዋለ። ቀኝ እጁ ከኪሱ ወጥቷል፤ እኔ ያላየሁ መስዬ ፎጣ አጥፋለሁ። ሲጨርስ ጠራኝ። ረድፉ እንዲህ ነበር፦ «አየር»፣ «ጋዜጣ»፣ «መንገድ»፣ የእኔ «ቀለም»፣ መጨረሻ ላይ «ልጄ»።

«የምትወዳትን መጨረሻ ታደርጋለህ እንዴ? ፊት አታስቀድማትም?» አልኩት።

«እዚህ መሥመር ላይ ሹፌሩ ማነው?» አለኝ። «መጀመሪያ አየሩን አያለሁ፣ ከዚያ ወሬውን፣ ከዚያ መንገዱን። ልጄ ጋ የምደርሰው ሁሉንም ፌርማታ አዳርሼ ነው። ፌርማታ ዘልዬ አላውቅም።»

«የእኔስ ቀለም?»

«አንቺ ጋ ቆሜ አላውቅም፣ ግን ጥሩምባ እየነፋሁ አልፋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ባሌ ወደ ጠዋት ልማዱ ተመለሰ። ምልክቶቹን አያነባቸውም፤ በቦታቸው ነው የሚያውቃቸው። ልጄ ማለት የቀኝ መጨረሻ ናት፣ አለቀ።

ከዚያ የታላቁ ቀን ወሬ መጣ። ልጃችን ካፒቴን ሆና መርከብ ወደብ ልታስገባ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ባሌ ስልኩን እንደዘጋ መካኒኩንና ቲኬት ቆራጩን ጠራቸው። «ኑ፣ አሳያችኋለሁ» አላቸው። እኔ ላሳያችሁ፣ በራሴ እጅ፣ ማለቱ ነበር። እኔ ግን ሰጋሁ። እነዚያው ሰዎች ፊት አሁንም እጁ ቢከዳውስ? እንደገና ኪሱ ውስጥ ከገባ በምን አወጣዋለሁ?

መቼም ጭንቀቴ እጄን አያስቀምጠውም። መርከቧ በምትገባበት ቀን ጠዋት የዘወትር ፌርማታዎቹን አዳርሶ ጺሙን ሊላጭ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና «ልጄ»ን ጎትቼ ፊት አመጣኋት። ቅርብ ትሁንለት፣ ብዙ አይልፋ ብዬ ነው። ልነግረው ነበር። በሩ ተንኳኳ፣ እንግዶቹ ቀድመው ደረሱ፣ እኔም በመስተንግዶ ረሳሁት።

ባሌ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። ሁለቱ ከኋላው ቆሙ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን የለመደውን መንገድ ይዞ፣ ወደ ቀኝ መጨረሻ ሄደና ተጫነ። ስክሪኑን የሞላችው ግን የወይን ጠጅ ቀለም ፀጉሯን የምታውለበልብ ሴት ናት። «ሽበትን ደህና ሰንብት ይበሉት!» ይላል ከሥሯ።

ቲኬት ቆራጩ «ካፒቴኗ ፀጉሯን ቀየረች እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀም። ባሌ ጆሮው ቀላ፣ እጁም ባሰበት። እኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ አልጠላም ነበር።

ወደ ረድፉ ተመለሰና አንገቱን አስግጎ፣ ምልክቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበባቸው።

«ፌርማታዬን ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቅርብ ትሁንልህ ብዬ…»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ፣ ሳይዞር።

መካኒኩ አልቻለም። «አምጣ ወንድሜ፣ መርከቧ እየገባች ነው፣ እኔ…» ብሎ እጁን ሰደደ።

«እጅህን ከመሪው ላይ አንሳ!»

ያ ድምፅ የሞላ አውቶቡስ ጸጥ የሚያሰኘው ድምፁ ነው። ስንት ጊዜ ናፍቄው ነበር! መካኒኩ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«አሁን ክፈታት እንጂ፣ ፊት ለፊትህ ናት» አልኩት። እኔ ብሆን እከፍታት ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ወደ ቦታዋ ካልመለሳት አይሆንም። ይዞ መጎተት ደግሞ እንደ መጫን አይደለም፤ ጣት ሳይነሳ መሄድን ይጠይቃል፣ ለእሱ እጅ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። ያዛትና «ጋዜጣ» ላይ ወደቀችበት። እንደገና ያዛት፣ «ቀለም» አጠገብ አመለጠችው። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ምላሴን የያዝኩበት ጊዜ ቢቆጠር ከዚያ የሚበልጥ አይገኝም።

ባሌ ግራ እጁን አነሳና በቀኙ ላይ ደረበው፤ ሁለት እጅ፣ እንደ ዱሮው መሪ ላይ። «ልጄ» ቀስ እያለች፣ እየተንገዳገደች፣ ሁሉንም አልፋ መጨረሻ ላይ ቁጭ አለች።

ያኔ ተጫናት።

ሰማያዊው ካርታ ተከፈተ። ቀስቷ የወደቡ አፍ ላይ ናት፤ ገና አልቆመችም። ፍጥነቷ ሲቀንስ ቁጥሩን እያየን አብረን ዝቅ አልን። ባሌ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጎ ሲጫን አየሁት፣ ፍሬን ሊይዝላት። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ቲኬት ቆራጩ ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበና «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። መካኒኩ ባሌን ከነወንበሩ አቀፈው። «ደረስክ ወንድሜ! ደረስክ!» ይላል፤ ማን እንደደረሰ ጠፍቶበታል። እኔ አለቀስኩ፣ ለምን እደብቃለሁ? በልጄ ኮራሁ፣ በባሌ ግን የባሰ ኮራሁ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ልጃችን ናት። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«አባዬ፣ አየኸኝ?»

«አየሁሽ። ራሴ ከፍቼ አየሁሽ። ፍሬን አያያዝሽ ጥሩ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ እንግዳ መኖሩን ሳታውቅ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠራተኞቼ እንዳያዩብኝ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነው ትእዛዝ የሰጠሁት» አለችው።

ባሌ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም ሰው ፊት የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጁን አየው።

«አውጪው ልጄ» አላት። «የእኔም ወጥቷል።»