እድሳት ብዬ ያስፈረምኩት

ጥፋቱ የኔ ነው። በሌላ ሰው ላላክከው ብዙ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

የቤተ ክርስቲያናችን ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጣሪያው የት የት ጋ እንደሚያፈስ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝናብ ሲመጣ አምስት ባልዲ እደረድራለሁ፤ ሁለቱን ከመድረኩ ጎን፣ አንዱን በሩ ሥር፣ ሁለቱን አሮጊቶቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ አጠገብ። እነሱ ደግሞ ከአግዳሚያቸው ንቅንቅ አይሉም። ጠብታው ሻሻቸው ላይ እየወረደ ይጸልያሉ። በተለይ እናቴ። «ትንሽ ጠጋ በይ እማዬ» ስላት፣ «ሠላሳ ዓመት የተቀመጥኩበትን ለውሃ ብዬ ልልቀቅ?» ትለኛለች። ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት ይኸው።

አሮጊቶቹ ከነእናቴ አሥራ አንድ ናቸው። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ ይጸልያሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ትንሽም ይተማማሉ፣ ይሄዳሉ። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከቤት የምትወጣው ለዚህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ለሷ ቀን አይደለም፤ ተቀምጣ ነገን መጠበቅ ነው።

አንድ ቀን የኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀት ይዞልኝ መጣ።

«የንጋት ጸሎት እናቶች ነባር አባላት ናቸው፤ እነሱ ካልፈረሙበት አይሆንም። አንቺ ታስፈርሚልኛለሽ?»

ከላይ በትልቁ «የቤተ ክርስቲያናችን እድሳት» ይላል። እሱን አነበብኩ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ደቃቅ ጽሑፍ ስከተል ገና መሐሉ ላይ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ደግሞስ ምን ላንብብ? እድሳት እድሳት ነው። ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ እኔም ከባልዲ እገላገላለሁ።

በየቤታቸው ዞርኩ። «ወይ ጉልበቴ» የምንላት ሴትዮ ቀለሙን ጣቷ ላይ እየቀባሁላት፣ «ምንድን ነው የምታስፈርሚኝ?» አለች።

«እድሳት ነው። ጣሪያው ሊሠራ ነው።»

«ወለሉንም በያቸው እንጂ። ስንበረከክ እኮ ይቆረቁራል።»

«አንቺ መች ተንበርክከሽ ታውቂያለሽ?»

«ተንበርክኬስ ማን ሊያነሣኝ? አንቺ?»

እየሳቀች አሻራዋን አኖረች። የእናቴን ጣት እኔው ራሴ ይዤ ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። «እንዳይጣመም» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ወጣቱ መጋቢ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ያጸደቀውን ነገር ለሕዝቡ አነበበ። አግዳሚዎቹ ወጥተው ወንበር ይገባል። ትልቅ ስክሪን ይሰቀላል፣ መዝሙሩ በአዲስ መሣሪያ ይሆናል። የንጋት ጸሎት በስልክ ይሆንና ሠራተኛው ሁሉ ካለበት ሆኖ ይካፈላል። አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ለወጣቶች ሥልጠና ይውላል። ጣሪያው ለሚቀጥለው ዓመት ተይዟል። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴም እድሳት የሚለውን ሰምታ ኖሮ አጨበጨበች። እኔ አላጨበጨብኩም።

ሰኞ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቢሮው ገባሁ።

«መጋቢ፣ እኛ የፈረምነው ለጣሪያ ነው።»

«ቁጭ ይበሉ እናቴ» አለኝ። ሰው አክባሪ ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ አራተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈና ቀስ ብሎ አነበበልኝ። የንጋት ጸሎቱ እዚያው ነበረ። ከሥሩ አሥራ አንድ አሻራ፣ ከአሻራዎቹ በላይ የኔ የተንጋደደ ፊርማ።

«እድሳት ስንል ሕንጻውን ብቻ አይደለም» አለ፤ «እኛም መታደስ አለብን።»

«እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ምኗ ይታደሳል?»

ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «ባለፉት አምስት ዓመታት ሃያ ስድስት ሰው ቀብረን ሁለት አጠመቅን። ወጣቱ ቋንቋችን አይገባውም፣ ሰዓታችን አይመቸውም። እንዲህ ከቀጠልን ይቺ በር ትዘጋለች።»

እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምወለውለው እኔ ነኝ። ሰው የሚቀመጥበትን አግዳሚ ቀሚስና ሱሪ ያጸዳዋል፤ የማይቀመጥበትን አቧራ ይለብሰዋል። ከኋላ ሰባት አግዳሚ አቧራ ከለበሰ ስንት ጊዜው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«እሺ አንድ ጥግ ይስጡን።»

«ሥልጠናውም አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከሥራ በፊት ሌላ ሰዓት የላቸውም።»

«ፊርማዬን ይሰርዙልኝ።»

«እናቴ፣ ጉባኤው እጁን ያወጣው እኮ የእናንተን ፊርማ አይቶ ነው። እነሱ ከተስማሙ እኛ ምን አገባን ብሎ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም። እሱም አልተቆጣኝም፤ ሥራውን ሲሠራ ቆይቶ በሩን ክፍት ትቶልኝ ሄደ።

እንደገና ግትር አልኩ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑ፣ ከነሱ በፊት እከፍትላችኋለሁ» ብዬ ለሁሉም ነገርኳቸው። በዚያ ጨለማ ሦስት መጡ። አንዷ ቦይ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ልጇ መጥቶ፣ «እናቴን ልትገያት ነው?» አለኝ። የአሥራ አንድ ሰዓቱን ነገር ተውኩት።

የቀረው ስልኩ ነበር። መጀመሪያው ቀን እናቴ ጭን ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። አሥራ አንዱም ባንድ አፍ ያወራሉ።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«እኔ ማን?»

«ወይ ጉልበቴ ናት፤ ሲጢጥ የሚለው ወንበሯ ነው» አለች ሌላዋ። እናቴ ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

መጋቢው፣ «እናቶች፣ እባካችሁ ማይካችሁን ዝጉ» አለ። ማይክ ምን እንደሆነ ያወቀ የለም። አንዷ ዝጉ የሚለውን ሰምታ ተነሥታ የቤቷን በር ስትዘጋ ጓ ሲል ተሰማን። በመጨረሻ እሱ ራሱ ከዚያ ሆኖ የሁሉንም ዘጋው። ጭጭ አለ። የሱ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እናቴ «አሜን» አለች። ቆየት ብላ፣ «አይሰሙኝም?» አለችኝ።

«አይሰሙሽም እማዬ። አንቺ ግን ትሰሚያለሽ።»

«መስማቱንማ ራዲዮም እሰማለሁ። አጠገቤ ማን አለ?»

በአራተኛው ቀን የሰው ዕቃ እንደሚመለስ ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«ይኼን ነገር እሺ ያለው ማን ነው?»

«እኛ ነን።»

«እኔም?»

«አንቺም።»

አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ስታሻሽ ቆየች። «ጣቴን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለች። አልተቆጣችም። ነገሩን ማወቅ ፈልጋ ነው።

አሁንም በየጠዋቱ ትነሣለች። ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ሻሿን ታስራለች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን «ዛሬ የለም እማዬ» እላት ነበር። አሁን አልላትም። ለሠልጣኞቹ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንዳትሰማኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እወጣለሁ።

ዛሬ የቤታችን በር ጋ ስደርስ ከውስጥ፣ «ልጄ፣ ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

ጫማዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ደግማ ትጠራኝ እንደሆነ ጠበቅኩ። አልጠራችም። የሠልጣኞቹ ወንበሮች ገና አልተደረደሩም ነበር። ሄድኩ።